የዲኤንኤ የመረጃ ቋት እና የተከሳሽ የመከላከል መብት



በወንጀል ችሎት «የተከሳሹ ዲኤንኤ በስፍራው ከተገኘው ናሙና ጋር ይመሳሰላል» የሚል የባለሙያ መግለጫ ሲቀርብ፣ ክብደቱ የሚለካው እንዲህ ያለው መመሳሰል በሰዎች ዘንድ ምን ያህል ብርቅ እንደ ሆነ በማስላት ነው። ተከሳሹ ይህን ስሌት ለመፈተን በመንግሥት እጅ ያለውን የመረጃ ቋት ማስመርመር ይችላልን?

ጥያቄው በአሜሪካ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። በአሪዞና ግዛት እ.ኤ.አ. በ2001 አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ አንዱ ጥቁር ሌላው ነጭ የሆኑ ሁለት ሰዎች ከ13 የመለያ ነጥቦች በ9ኙ ሲመሳሰሉ አገኘች። ኤፍቢአይ ተከላካይ ጠበቆች የጠየቋቸውን መሰል ፍተሻዎች ቢቃወምም፣ የአሪዞናው ቋት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈተሽ ከ65 ሺህ በላይ መዝገቦች መካከል 122 ጥንዶች በ9 ነጥቦች ተመሳስለው ተገኙ። ይህ ብቻውን ስሌቱን ሐሰት አያደርገውም፤ 65 ሺህ ሰዎች እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ከ2 ቢሊዮን በላይ ጥንዶች ይገኛሉና። ነገር ግን ክርክሩን በማስረጃ ማካሄድ የተቻለው ቋቱ በመፈተሹ ነው።

ጉዳዩ ለካፋ ባዕድ አይደለም። የማንጆ ማኅበረሰብ በደረሰበት መገለል ለዘመናት ከሌላው ጋር በጋብቻ ሳይተሳሰር ኖሯል። እርስ በርሱ ሲጋባ በቆየ አነስተኛ ማኅበረሰብ ውስጥ የመመሳሰል ዕድል ከፍ ሊል ይችላል። የማነጻጸሪያው መረጃ ከማን እንደ ተወሰደ ሳይጠየቅ «ከሚሊዮን አንድ» የሚል ቁጥር ቢጸድቅ፣ የቆየው መገለል በማስረጃ መልክ ወደ ችሎት ይገባል።

ሕጋችን ናሙና ስለ መውሰድ ተናግሯል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 34 የደም ምርመራን ይፈቅዳል፤ የተሻረው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ደግሞ በአንቀጽ 21 ደምና ምራቅ በተመጣጣኝ ኃይል ጭምር እንዲወሰድ ፈቅዶ ነበር። በሌላ በኩል የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዘረመል መረጃ ልዩ ጥበቃ ያደርጋል። ይህ ጥበቃ ግን ዐቃቤ ሕግ የተጠቀመበትን ቋት ከተከሳሽ መሸሸጊያ ሊሆን አይገባም።

በእኔ አመለካከት መፍትሔው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(4) ይገኛል። ድንጋጌው የቀረበን ማስረጃ ከመመልከት ባሻገር የመከላከያ ማስረጃን የማስቀረብ መብት ይሰጣል። ስለዚህ ፍርድ ቤት ቋቱ በገለልተኛ ባለሙያ እንዲፈተሽ፣ የማንም ስም ሳይገለጥ ድምር ውጤቱ ብቻ እንዲቀርብ ሊያዝዝ ይገባል። በዚህ መንገድ በአንቀጽ 26 የተጠበቀው የሌሎች ሰዎች የግል ሕይወት ይከበራል፤ ተከሳሹም መነሻውን ሊመረምር ባልቻለ ቁጥር አይፈረድበትም።