«የኋላ ማርሽ ጉልበት አለው» እና ሌሎች የጭቃ ዳር ተረቶች

ክረምት ሲገባ ፎገራ ሜዳ መኪና ይውጣል። ከወረታ ወደ ጣና ዳር በሚወርዱት የቀበሌ መንገዶች፣ በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል ያለው ዋልካ ውሃ ሲጠግብ ጎማ ይዞ አይለቅም። ሩዝ የጫነ አይሱዙ እስከ አክስሉ ይሰምጣል፤ አንድ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ይለመናል፤ ካቦ ይታሰራል። በዙሪያው የቆመው ሁሉ ሾፌር ይሆናል፦ «ስጠው! ርገጠው!» ከዚያ ከፊት በኩል «ቋ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። አይሱዙው እዚያው ነው፤ ሃርድቶፑ ግን ወደ ባሕር ዳር ጋራዥ በሌላ መኪና ተጎትቶ ይሄዳል።

«ጭነቱ ከብዶት ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን የፊት አክስልን የሚሰብረው አጎታተቱ ነው።

«የኋላ ማርሽ ጉልበት አለው፤ ከፊት አስረህ ወደ ኋላ ጎትት»

ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የሚያሳስተው። በብዙ መኪኖች የኋላ ማርሽ ጉልበቱ ከአንደኛ ማርሽ አያንስም፤ እንዲያውም ትንሽ ይበልጣል። ሾፌሩም የሚጎትተውን መኪና ፊት ለፊት እያየ ስለሚሠራ ይመቸዋል። ጥፋቱ ጉልበቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። መኪና ወደ ኋላ ሲጎትት ክብደቱ ወደ ካቦው፣ ማለትም ወደ ፊት አክስሉ ይጫናል። የፊት ጎማዎች መሬቱን ነክሰው ይይዛሉ፤ የኋላዎቹ ይቀልላሉ። ስለዚህ አብዛኛውን ሥራ የሚሸከመው የፊት ዲፈረንሻል ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ትንሹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ገበያ የወጣው የላንድክሩዘር 70 ቤተሰብ ከ1999 ወዲህ ባሉት ሞዴሎቹ ከፊት ያለው የዲፈረንሻል ትልቁ ማርሽ 8 ኢንች ሲሆን የኋላው 9.5 ኢንች ነው። በዚያ ላይ የማርሽ ጥርስ ሁለት ፊት አለው። በእነዚህ ሞዴሎች የፊተኛው ዲፈረንሻል ጠንካራው የጥርስ ፊት የሚሠራው መኪናው ወደፊት ሲሄድ ነው፤ ወደ ኋላ ሲጎትት ጫናው በደካማው በኩል ያርፋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በከባድ ማርሽ፣ ከሞተሩ የወጣው የመጠምዘዝ ኃይል በካምቢዮው ወደ 4 እጥፍ፣ በማስተላለፊያው ወደ 2 እጥፍ፣ በዲፈረንሻሉ እንደገና ወደ 4 እጥፍ ያድጋል፤ ሲባዛ ከ30 እጥፍ ይበልጣል። ይህን ሁሉ በትንሹ አክስል ላይ መልቀቅ አያዋጣም። ካቦውን ከኋላ፣ ከሻንሲው ጋር በብሎን ከታሰረ መጎተቻ ላይ አስሮ በአንደኛ ከባድ ማርሽ ወደፊት መጎተት ነው የሚሻለው። መዞሪያ ቦታ የለም ከተባለ፣ መዞሪያ መፈለግ ከዲፈረንሻል ዋጋ ይረክሳል።

«ካቦውን አላላው፤ ተንደርድረህ ንጠቀው»

ይህን የወለደው የአገሩ ከፍታ ይመስለኛል። ጣና ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር እዚህ አየር ያጥረዋል፤ ከባሕር ወለል ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ከአሥር አንድ ተኩል እጅ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ሾፌሩ የጎደለውን በፍጥነት ሊሞላ ይሞክራል። ነገር ግን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ነው፤ የብረት ካቦ ደግሞ አይለጠጥም፤ ምቱን ሁሉ በአንዴ ለማርሽ ጥርሱና ጎማውን ለሚያዞረው ዘንግ (ለሴሚያሱ) ያስረክባል። መንጠቆው ተፈናጥሮ ሰው ሲመታ ደግሞ የዲፈረንሻሉን ዋጋ የሚያስታውስ አይኖርም። ጎታቹ ቀስ ብሎ ካቦውን ይወጥር፤ ከዚያ ይጎትት። ከዚያ በፊት አካፋ ይውሰድና ጎማዎቹ ፊት ያለውን ጭቃ ይጥረግ፤ ጭነቱም ይውረድ። ኩንታል ማውረድ ያደክማል፣ ያናድዳልም፤ ሆኖም ከሁሉም በላይ የሚሠራው መላ እሱ ነው።

«መሪውን እያጠመዘዝክ ርገጥ»

ጎታቹ መኪና ሲንሸራተት ረዳቱ የሚጮኸው ይህን ነው። በፊት ጎማ ውስጥ ያለው ዞሮ የሚያሽከረክረው መገጣጠሚያ መሪው ቀጥ ሲል ጠንካራ ነው፤ መሪው ጥግ ሲደርስ ግን ኃይሉን የሚሸከሙት ኳሶች በጠባብ ቦታ ይጨናነቃሉ። በአየር ላይ ሲሽከረከር የቆየ ጎማ በዚያ ሁኔታ ድንገት ድንጋይ ቢነክስ መገጣጠሚያው ይሰነጠቃል። መሪ ቀጥ ይበል፤ ጎማ መሽከርከር ከጀመረ ነዳጅ ይቀነስ።

ካቦን በአክስሉ ወይም በመሪው ዘንግ ላይ ማሰርማ ተረት እንኳ አይባልም፤ ዘንጉ ሲጎብጥ የፊት ጎማዎቹ ወደየራሳቸው አቅጣጫ ይሄዳሉ።

«አስፋልት ላይም በፎር ዊል ስትጎትት ይቀለዋል»

አይቀለውም። እንደ 70 ባሉ መኪኖች ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላ ዘንጎች ይቆላለፋሉ። ኩርባ ላይ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይወጣል፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ደረቅ አስፋልት ላይ መውጫ የለውም፤ በማርሾቹ ውስጥ ይጠራቀማል። የፎር ዊሉ ማንሻ አልወጣ ካለ ምልክቱ ይህ ነው፤ ቀጥ ብሎ ትንሽ ወደ ኋላ ማለት ይፈታዋል።

«ውሃ ምን ያደርገዋል?»

መኪናው ጎርፍ ከተሻገረ በኋላ የፊት ዲፈረንሻሉን የዘይት መፍሰሻ ብሎን ፈትቶ ማየት ብቻ ይበቃል። ውሃ ያልነካው ዘይት ወርቃማ ወይም ጥቁር ነው፤ ውሃ የገባበት እንደ ማኪያቶ ነጥቶ ይወርዳል። ሞቆ የነበረ አክስል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን በጎማ ማኅተሞቹ በኩል ይስባል። ለዚህ የተሠራው መተንፈሻ ቱቦ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጭቃ ተደፍኗል። ኩሽኔታው በሐምሌ ዝጎ በጥቅምት ሲሰበር ጥፋቱ የሚላከከው በመጨረሻው ጎታች ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ታልፎ የፊቱ ከተሰበረም መኪናው የግድ ተጭኖ አይሄድም። የተሰበረው ዲፈረንሻሉ ብቻ ከሆነ፣ ጎማውን ከዘንጉ የሚያገናኙትን ሁለቱን የፊት ሀቦች ወደ «ፍሪ» መልሶ ማንሻውን በሁለት ጎማ መንዳት ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ባሕር ዳር መግባት ይቻላል። መሪው ሲዞር የሚነክስ ወይም የሚቆረቁር ከሆነ ግን የተሰበረው በጎማው በኩል ያለው መገጣጠሚያ ነው፤ ስብርባሪው መሪውን ሊቆልፈው ይችላልና ያ መኪና ከቆመበት በራሱ ጎማ አይንቀሳቀስ።