ከምጽዋት ወደ ደመወዝ

አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ ለብዙ የአዲስ አበባ ምሩቃን የሥራ ፍለጋ መጀመሪያ ነበር። ዓይነ ስውሩ ምሩቅ ግን ወደዚያ ሲሄድ የሚያነብለት ሰው ያስፈልገው ነበር። ዛሬ ማስታወቂያው ወደ ቴሌግራም ተዛውሯል፤ ስልኩም ጽሑፉን በድምፅ ያነብለታል። ይሁንና ብዙ ቀጣሪ ማስታወቂያውን ፎቶ አንሥቶ ስለሚለጥፈው ስልኩ ፊደል ሳይሆን ሥዕል ያገኛልና ዝም ይላል። ምሩቁም እንደ ድሮው የሚያነብለት ሰው ፍለጋ ይገባል። ዲግሪው አልጎደለም፤ ችሎታውም፣ ስልኩም አልጎደሉም። የጎደለው ማስታወቂያውን ከፎቶው ጋር በጽሑፍም መለጠፍ ነው። ለዚህ ደግሞ በጀት አያስፈልግም።

በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሲንከባለል የቆየው ጥያቄ በዚህች ትንሽ ጉዳይ ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል። አካል ጉዳተኛው ከሥራ ውጭ የሆነው መሥራት ስላቃተው ነው ወይስ የሥራው ቦታ ስላልተመቻቸለት? የኢትዮጵያ ሕግ ከሃምሳ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ሦስት የተለያዩ መልሶች ሰጥቷል።

ሦስቱ መልሶች

የመጀመሪያው መልስ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1971 የመጣ ነው። በትዕዛዝ ቁጥር 70 የአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ድርጅት ሲመሠረት፣ ትዕዛዙ አካል ጉዳተኛ ያለው በጤናው መጓደል ምክንያት ኑሮውን ማሸነፍ የማይችልና ረዳት የሌለውን ሰው ነበር። በዕድሜው ምክንያት ሠርቶ ማደር የማይችለውንም አብሮ ቆጥሮታል። በዚህ ትርጓሜ መሠረት አለመሥራት የአካል ጉዳተኝነት መለያ ሆነ። ሠርቶ የሚያድር ዓይነ ስውር በትርጓሜው ውስጥ ቦታ አልነበረውም። መንግሥት የሰጠው መልስም ርዳታና መጠለያ ነበር።

ሁለተኛው መልስ አዋጅ ቁጥር 101/1986 ነው። ይህ አዋጅ አካል ጉዳተኛ መሥራት እንደሚችል ተቀብሎ ለእሱ ተለይተው የሚያዙ የሥራ መደቦች እንዲኖሩ አደረገ። ሐሳቡ ቅን ነበር። ነገር ግን ለአንድ ሰው የተለየ ወንበር ሲሰጠው በሌሎቹ ወንበሮች ላይ መብት የሌለው ያስመስለዋል። ከሌላው ጋር ተወዳድሮ ያሸነፈው ሰው እንኳ «በርኅራኄ የገባ» ተብሎ ይታያል።

ሦስተኛው መልስ ዛሬም የሚሠራበት የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው። አዋጁ በመግቢያው የቀደመውን ሕግ በግልጽ ይወቅሳል፦ መደብ ለይቶ መያዙ አካል ጉዳተኞች በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት እንደማይችሉ የሚያስመስል ገጽታ ፈጥሯል፤ የሥራ ቦታ ማመቻቸትንም በመብትነት አላረጋገጠም ይላል። ሕግ አውጪ የራሱን ሥራ እንዲህ በይፋ ሲነቅፍ ማየት የተለመደ አይደለም። ትርጓሜውም ተገለበጠ። በአዲሱ አዋጅ አካል ጉዳተኛ ማለት ካለበት የአካል፣ የአእምሮ ወይም የስሜት ሕዋሳት ጉዳት ጋር ተያይዞ በሚደርስበት የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊ ወይም የባህል መድልዎ ምክንያት እኩል የሥራ ዕድል የተነፈገ ሰው ነው። ጉዳቱ በሰውየው ላይ ቢሆንም የዕድሉ መጥበብ ከአካባቢውም ይመጣል ማለት ነው።

ቅኔ ቤትና ደጀ ሰላም

ይህ አስተሳሰብ ከውጭ የመጣ ብቻ ለሚመስለው ሰው የአብነት ትምህርት ቤታችንን ማየት ይጠቅማል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዓይነ ስውር የዜማና የቅኔ መምህር ብርቅ ሆኖ አያውቅም። ቅኔ ቤት ተማሪው በጆሮው ሰምቶ፣ በልቡ ቆጥሮ፣ በአንደበቱ ይዘርፋል። ለዓይነ ስውር ተብሎ የተለየ ነገር አልተዘጋጀም፤ አሠራሩ ራሱ በሩን አልዘጋበትም እንጂ። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነ ስውር እጁን ዘርግቶ ይለምናል። ሁለቱን የለያያቸው የዓይናቸው ብርሃን አይደለም። አንደኛው ለጆሮው የሚመች ትምህርትና ሥራ አገኘ፤ ሌላኛው አላገኘም።

ዘመናዊው መሥሪያ ቤት ሲመጣ ሁሉን ነገር በወረቀትና በፊርማ ላይ አቆመ፤ ለጆሮ የነበረው ቦታ ጠበበ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 ዓይነ ስውሩንና ማንበብ የማይችለውን በአንድ ረድፍ ያስቀምጣቸዋል፤ ፊርማቸው በውል አዋዋይ፣ በሬጅስትራር ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም። ዓላማው ከመታለል መጠበቅ እንደሆነ ግልጽ ነው። ሆኖም ሕግ አጥንቶ ለሌላው ውል የሚያረቅቅ ዓይነ ስውር ጠበቃ የራሱን ውል ሲፈርም ፊደል ካልቆጠረ ሰው ጋር እኩል ይቆጠራል።

አዋጁ አሠሪውን ምን ያዘዋል?

አዋጅ 568 አካል ጉዳተኛው ለመደቡ የሚፈለገውን ችሎታ ማሟላት እንዳለበት አይክድም። አሟልቶ ከሌላው ተወዳዳሪ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣ ግን ቅድሚያ ይሰጠዋል። አሠሪው የሥራና የሥልጠና ሁኔታውን እንዲያመቻች፣ መሣሪያዎችን እንዲያቀርብ፣ እንደ አስፈላጊነቱ ረዳት እንዲመድብ ይገደዳል። ይህ በባለሙያዎቹ ቋንቋ «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» ይባላል። ተመጣጣኝ የተባለውም ወሰን ስላለው ነው፤ አሠሪው ከአቅሙ በላይ የሆነ ሸክም እንደሚሆንበት ካሳየ አይገደድም። መድልዎ ደርሶብኛል የሚል ከሳሽ ሲቀርብም የማስረጃው ሸክም ወደ አሠሪው ይዞራል። ቢሮ ውስጥ የተወሰነውን የሚያውቀው፣ ሰነዱም በእጁ ያለው አሠሪው ነውና ይህ ትክክል ነው።

ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ሕንፃዎች ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙ ሰዎች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው አዘዘ። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። እንግዲህ ጉድለቱን በሕግ እጦት ማሳበብ አይቻልም።

ታዲያ የት ላይ ቆመ?

አንደኛው እንቅፋት ቁጥሩ ነው። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኞች ከሕዝቡ አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተመዘገቡ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ዘገባ ግን የኢትዮጵያ ግምት 17.6 በመቶ ነው። ይህን ያህል ልዩነት የሚፈጥረው በአብዛኛው የጥያቄው አቀራረብ ነው። ቆጣሪው «ቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ቤተሰብ በእፍረትም፣ ጉዳቱን እንደ ጉዳት ባለመቁጠርም «የለም» ይላል። «የማየት፣ የመስማት፣ የመራመድ ችግር ያለበት አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይለወጣል። አንድ በመቶ ነው ተብሎ የታሰበ ጉዳይ የሚመደብለት በጀትም የዚያኑ ያህል ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ከቅጥሩ በፊት የሚጀምረው ትምህርት ነው። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት በብሬይልና በሚዳሰሱ መሣሪያዎች በአግባቡ ስለማይቀርብ አብዛኞቹ ወደ ሕግ፣ ወደ ቋንቋና ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይገፋሉ። በጥቂት መስኮች ብዙ ሰው ታጭቆ ይመረቃል፤ ሌሎቹ መስኮች ገና ከትምህርት ቤት ተዘግተው ይቀራሉ። መስማት ለተሳናቸው ደግሞ ቁልፉ አስተርጓሚ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚያ ወዲህ የተመረቁት አስተርጓሚዎችና መምህራን ለእያንዳንዱ ፍርድ ቤት፣ ለእያንዳንዱ ሆስፒታልና መሥሪያ ቤት የሚዳረሱ አይደሉም።

ሦስተኛው እንቅፋት ባለቤት ማጣት ነው። በ2014 የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ሲደራጁ የቀድሞው ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ ለሁለት ተከፈለ፤ የሥራው ጉዳይ ወደ ሥራና ክህሎት፣ የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄደ። የአካል ጉዳተኛ የሥራ መብት ግን ሁለቱንም የሚመለከት ነው። ሁለቱ ቤቶች እየተነጋገሩ ካልሠሩ አንዱ «የሥራ ጉዳይ ነው» ይላል፤ ሌላው «የአካል ጉዳት ጉዳይ ነው» ይላል።

በሩን የሚከፍቱት ሰዎች

አዋጁ የተጻፈውን ያህል ወደ ተግባር የተተረጎመውም በባለሙያዎች ድካም ነው። ከእነሱ መካከል የትነበርሽ ንጉሤ በስፋት ይታወቃሉ። ወሎ አማራ ሳይንት ተወልደው በአምስት ዓመታቸው የዓይን ብርሃናቸውን ካጡ በኋላ ሻሸመኔ በሚገኝ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሩ። ማየት አለመቻላቸው ያለዕድሜ ከመዳር እንዳዳናቸውና ወደ ትምህርት እንደመራቸው ራሳቸው ተናግረዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኢሲዲዲ የሆነውን የአካል ጉዳትና ልማት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2005 ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም የአካል ጉዳተኞችንና የአረጋውያንን መብት የሚከታተል ራሱን የቻለ የኮሚሽነርነት ቦታ ተፈጥሮ ርግበ ገብረሐዋሪያ ተሹመውበታል።

ሆኖም የዚህ ጉዳይ ወሳኝ ባለሙያ ተሸላሚው ብቻ አይደለም። የሰው ሀብት ኃላፊውም ነው፤ የቅጥር ፈተናው አራተኛ ፎቅ ይሁን ምድር ቤት የሚወስነው እሱ ነውና። አርክቴክቱ ነው፤ የመወጣጫውን ተዳፋት በእርሳሱ የሚያሰምረው። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ነው፤ ደመወዝና የደኅንነት ጫማ ጠይቆ ስለ ማመቻቸት ሳይጠይቅ የሚወጣው። አካታችነት የደግነት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ለእያንዳንዳችን ልብ መተው ይቻል ነበር። እንደ ሒሳብ አያያዝ ሁሉ የሚማሩት፣ የሚለኩትና የሚጠየቁበት ሙያ ስለሆነ ግን ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ይፈልጋል።

ወጪውን የሚፈሩ አሠሪዎች ሥጋታቸው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሊፍት መግጠም ውድ ነው፤ ለሕንፃ የሚጠየቀው ገንዘብም ለአነስተኛ ድርጅት ከባድ ነው። ነገር ግን ሥራን ወደ ምድር ቤት ማውረድ፣ የፈተና ሰዓት መጨመር፣ ማስታወቂያን በጽሑፍ መለጠፍ ሊፍት አይጠይቁም። ከእነዚህ ያልጀመረ አሠሪ ስለ አቅም ማጣት ለመናገር ገና ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መለወጥ ያለበት በቃለ መጠይቅ ጠረጴዛ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ነው። «ይህን ሥራ እንዴት አድርገህ ትሠራዋለህ?» ብለን ለዘመናት አካል ጉዳተኛውን ጠይቀናል። አዋጅ 568 ከጸደቀ ጀምሮ ግን መልስ የሚጠበቅበት ሌላም ሰው አለ። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ቀጣሪ «ይህን ሥራ እንድትሠራው ምን አመቻቸሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ያን ጊዜ ደጀ ሰላም ላይ የተዘረጋው እጅ ደመወዝ የሚፈርም እጅ ይሆናል።