«ግራም ኔጌቲቭ» በአማርኛ

የዕፅዋት በሽታ ምርምር ሥር ከሰደደባቸው ከተሞች አንዷ አምቦ ናት። በምዕራብ ሸዋ እንሰትን የሚያጠወልገው ዛንቶሞናስ፣ ድንችንም የሚያጠወልገው ራልስቶኒያ፣ ሁለቱም በቤተ ሙከራ ቋንቋ «ግራም ኔጌቲቭ» ይባላሉ። ሐረጉ ለገበሬ ወደሚዘጋጅ መመሪያ ሲሻገር ያሳስታል፤ በጤና ጣቢያ «ኔጌቲቭ» ማለት በሽታው አልተገኘም ማለት ነውና። «አሉታዊ» ብሎ መተርጐምም ስሕተቱን ያጠናክረዋል። «ግራም» ደግሞ ስልቱን በ1884 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የዴንማርካዊው ሐኪም የሐንስ ክርስቲያን ግራም ስም እንጂ የክብደት መለኪያው አይደለም።

አሠራሩ ይህ ነው፦ በመስታወት ላይ የደረቀው ናሙና ሐምራዊ ቀለም ይፈስበታል፤ አዮዲን ቀለሙን ያጸናዋል፤ ከዚያም በአልኮል ይታጠባል። የሕዋስ ግድግዳው ወፍራም የሆነው ባክቴሪያ ሐምራዊነቱን ይይዛል። ስሱ ይለቃል፤ በመጨረሻ በሚጨመረውም ቀይ ቀለም ሮዝ መስሎ ይታያል።

ስለ ልብስ «ቀለሙን ለቀቀ» የማይል አማርኛ ተናጋሪ የለም። እንግዲያውስ ኔጌቲቩን «ቀለም ለቃቂ»፣ ፖዘቲቩን «ቀለም ያዥ» ማለት ይሻላል፤ የግራም ስም በቅንፍ ይከተል። ለድርጊቱ «ማቅለም» ይበቃል፤ «እድፍ» ግን ቆሻሻን ስለሚያመለክት ለዚህ አይሆንም። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በአሲድ ሲታጠብ ቀለሙን ስለሚይዝ፣ በዚሁ ግሥ «በአሲድ ቀለም የማይለቅ» ሊባል ይችላል።