የገመድ አልባ ኔትወርክ ግዥ፦ መሥሪያ ቤቶች አክሰስ ፖይንትን በምን ያወዳድሩ?

የኢንፎርሜሽን ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥራ ውስጥ እየሰፋ በመጣ ቁጥር ገመድ አልባ ኔትወርክ ከተጨማሪ ምቾትነት አልፎ የአገልግሎት አሰጣጥ መሠረት ሆኗል። ደብዳቤ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይዘዋወራል፤ ስብሰባ በቪዲዮ ይካሄዳል፤ ባለጉዳይ የሚስተናገድበት መረጃም ከማዕከላዊ የመረጃ ቋት ይወጣል። በመሆኑም ኔትወርኩ በተቋረጠ ወይም በተጓተተ ቁጥር የሚጉላላው ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን በመስኮቱ በኩል ተሰልፎ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ጭምር ነው።

የዚህ ኔትወርክ ዋነኛ መሣሪያ አክሰስ ፖይንት በመባል ይታወቃል። አክሰስ ፖይንት በአብዛኛው በጣሪያ ወይም በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በገመድ የመጣውን የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ በሬዲዮ ሞገድ ለኮምፒዩተሮችና ለስልኮች የሚያዳርስ መሣሪያ ነው። በመኖሪያ ቤት የተለመደው ዋይፋይ ራውተር ኢንተርኔት የመቀበል፣ የማከፋፈልና የማሰራጨት ሥራዎችን በአንድ ዕቃ አጣምሮ ይይዛል። ለተቋማት የሚሠራው አክሰስ ፖይንት በአንፃሩ በማሰራጨቱ ሥራ ላይ ያተኮረና ከብዙ መሰሎቹ ጋር በአንድነት እንዲተዳደር ሆኖ የተዘጋጀ ነው።

መሣሪያዎቹን ለማወዳደር በቅድሚያ ዓይን ውስጥ የሚገቡት በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነትና የአንዱ ዕቃ ዋጋ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም መሥሪያ ቤቱ ከመሣሪያው ስለሚያገኘው አገልግሎት የሚናገሩት ጥቂት ነው። ትክክለኛው ንጽጽር ስንት ሰው በአንድ ጊዜ እንደሚጠቀም፣ ሕንፃው ከምን እንደተሠራ፣ መረጃው እንዴት እንደሚጠበቅና በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ ከማወቅ ይጀምራል።

የመሣሪያው ትውልድና የፍጥነት ቁጥር

የመጀመሪያው የገመድ አልባ ኔትወርክ ደረጃ 802.11 በሚል መጠሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ፍጥነቱም በሰከንድ ከ2 ሜጋ ቢት አይበልጥም ነበር። ከዚያ ወዲህ በርካታ ደረጃዎች የተከታተሉ በመሆናቸው ዋይፋይ አሊያንስ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ለሸማቹ ቀለል ያለ የትውልድ መለያ አወጣ። በዚህም መሠረት እ.ኤ.አ. በ2009 የጸደቀው ደረጃ ዋይፋይ 4፣ በ2013 የጸደቀው ዋይፋይ 5፣ በ2021 የጸደቀው ደግሞ ዋይፋይ 6 ተብለው ይጠራሉ። ለዋይፋይ 7 መሣሪያዎች የማረጋገጫ ምስክር ወረቀት መስጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

በወረቀት ላይ ዋይፋይ 5 በሰከንድ እስከ 6.9፣ ዋይፋይ 6 እስከ 9.6፣ ዋይፋይ 7 እስከ 46 ጊጋ ቢት ሊያስተላልፉ እንደሚችሉ ተመልክቷል። ይህ ግን በስሌት የሚገኝ የመጨረሻ ጣሪያ እንጂ አንድ ሠራተኛ በጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው ፍጥነት አይደለም። ለአብነት ያህል “3000” የሚል ምልክት ያለው የዋይፋይ 6 መሣሪያ ቁጥሩን የሚያገኘው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሰጠውን 574 ሜጋ ቢትና በ5 ጊጋ ኸርዝ የሚሰጠውን 2402 ሜጋ ቢት በመደመር ነው። አንድ የዋይፋይ 6 ስልክ ወይም ላፕቶፕ በሁለቱ መስመሮች በአንድ ጊዜ ስለማይገናኝ ድምሩን ሊያገኘው አይችልም። መሥሪያ ቤቱ ከአገልግሎት ሰጪው የሚገዛው የኢንተርኔት መስመር 100 ሜጋ ቢት ከሆነ ደግሞ ወደ ውጭ የሚወጣው ፍጥነት በዚያው ይወሰናል።

የአዲሱ ትውልድ ዋነኛ ጥቅም ሰው በበዛበት ቦታ ይታያል። በአንድ የሬዲዮ መስመር ላይ ያሉ መሣሪያዎች በየተራ መነጋገር አለባቸው። በቀደሙት ትውልዶች አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቅ ነበር። ዋይፋይ 6 መስመሩን ወደ ትናንሽ ክፍሎች በመሸንሸን ለበርካታ ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ ማድረስ ያስችላል። ስለዚህ በስብሰባ አዳራሽና በደንበኞች አገልግሎት ክፍል ውስጥ ዋይፋይ 6ን መምረጥ ምክንያት አለው። ዋይፋይ 7ን ለመግዛት ግን በቅድሚያ የሠራተኞቹ ኮምፒዩተሮች ይህንኑ የሚቀበሉ መሆናቸውን ማጣራት ያስፈልጋል። አዲሶቹ መሣሪያዎች በተጨማሪነት የሚጠቀሙበት የ6 ጊጋ ኸርዝ ድግግሞሽም በየአገሩ ፈቃድ የሚጠይቅ በመሆኑ ከተቆጣጣሪው አካል አስቀድሞ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

የተጠቃሚው ብዛትና የሕንፃው ግድግዳ

በአምራቾች መግለጫ ላይ አንድ አክሰስ ፖይንት 256 ወይም 512 መሣሪያዎችን እንደሚያስተናግድ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ቁጥር መመዝገብ የሚችሉትን እንጂ በአግባቡ አገልግሎት የሚያገኙትን አያመለክትም። ለዕቅድ ሥራ በአንድ አክሰስ ፖይንት በአንድ ጊዜ በሥራ ላይ የሚሆኑ ከ25 እስከ 30 መሣሪያዎችን መያዝ ጥንቃቄ የተሞላበት ስሌት ነው። 100 ሠራተኞች ያሉት መሥሪያ ቤት እያንዳንዱ ሠራተኛ ስልክና ላፕቶፕ ቢይዝ 200 መሣሪያዎች ይኖሩታል። ግማሾቹ በአንድ ጊዜ ቢሠሩ ቢያንስ 4 አክሰስ ፖይንቶች ያስፈልጋሉ፤ አዳራሹ ደግሞ ለብቻው ይታሰባል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የሕንፃው ሁኔታ ነው። የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ግድግዳን በተሻለ አልፎ ሩቅ ይደርሳል፤ ነገር ግን እርስ በርስ የማይደራረቡት መስመሮቹ ሦስት ብቻ በመሆናቸው በቀላሉ ይጨናነቃል። የ5 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ሰፋ ያለና ፈጣን ቢሆንም በኮንክሪት፣ በብሎኬትና በብረት በር በቶሎ ይዳከማል። ሁለት ሕንፃዎች እኩል ስፋት ቢኖራቸውም በቀላል መከፋፈያ የተሠራው በጥቂት መሣሪያ ሲሸፈን ወፍራም ግድግዳ ያለው ተጨማሪ ሊጠይቅ ይችላል።

ኃይለኛ አንድ መሣሪያ በመግዛት ብዙ ክፍሎችን ለመሸፈን መሞከር የተለመደ ቢሆንም ውጤቱ አጥጋቢ አይሆንም። ግንኙነቱ የሁለት ወገን ነው። ኃይለኛው አክሰስ ፖይንት ስልኩ ዘንድ ቢደርስም የስልኩ ደካማ ሞገድ ተመልሶ አክሰስ ፖይንቱ ዘንድ ላይደርስ ይችላል። ተጠቃሚው በስልኩ ላይ ሙሉ ምልክት እያየ ሥራው የሚቆምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በመሆኑም መካከለኛ ኃይል ያላቸው በርካታ መሣሪያዎችን በተጠና ቦታ መትከል ይመረጣል።

የኤሌክትሪክ ኃይልና ገመድ

ለተቋማት የሚሠሩ አክሰስ ፖይንቶች በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያገኙት መረጃ በሚመጣበት በዚያው የኔትወርክ ገመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የዚህ አሠራር ደረጃ ከስዊቹ እስከ 15.4 ዋት፣ በ2009 የወጣው እስከ 30 ዋት፣ በ2018 የወጣው ደግሞ እስከ 90 ዋት ለመስጠት ያስችላል። 30 ዋት የሚፈልግ አክሰስ ፖይንት 15.4 ዋት ብቻ ከሚሰጥ ስዊች ጋር ሲገናኝ ከፊል ችሎታውን ዘግቶ ሊሠራ ወይም ጭራሹን ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ አክሰስ ፖይንት ከመወዳደሩ በፊት ያለው ስዊች ምን ያህል ኃይል እንደሚሰጥና ገመዱም በደረጃው ከተወሰነው 100 ሜትር እንደማይበልጥ መታየት አለበት።

አሠራሩ መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ ተጨማሪ ጠቀሜታ አለው። ስዊቹ ከአንድ ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ ጋር ከተገናኘ በየጣሪያው ላይ ያሉት አክሰስ ፖይንቶች በሙሉ ባትሪው እስከሚችለው ጊዜ ድረስ ይሠራሉ።

የመረጃ ደኅንነት

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኔትወርክ የዜጎችን መረጃ የሚያስተላልፍ በመሆኑ ደኅንነት በንጽጽሩ ውስጥ የማይታለፍ መስፈርት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የግል መረጃ የሚይዙ አካላት ተገቢውን የጥበቃ እርምጃ እንዲወስዱ ግዴታ ይጥላል።

የገመድ አልባ ኔትወርክ የመጀመሪያው የምስጢር መጠበቂያ ዌፕ በቀላሉ ሊሰበር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2001 ተረጋግጧል። በ2004 የተተካው ደብሊው ፒ ኤ 2 ለብዙ ዓመታት ቢያገለግልም እ.ኤ.አ. በ2017 የቤልጂየም ተመራማሪዎች ክራክ የተባለ ድክመት አግኝተውበት አምራቾች ማስተካከያ አውጥተዋል። በ2018 የወጣው ደብሊው ፒ ኤ 3 የበለጠ ጥበቃ ስላለው በአሁኑ ወቅት የሚገዛ መሣሪያ ይህንኑ የሚደግፍ ሊሆን ይገባል።

ይሁንና ጠንካራ ምስጢር መጠበቂያም ቢኖር መሥሪያ ቤቱ በሙሉ በአንድ የይለፍ ቃል የሚጠቀም ከሆነ ጥበቃው ጎዶሎ ነው። ሠራተኛው ሲለቅ የይለፍ ቃሉን ይዞት ይወጣል፤ ለአንድ እንግዳ የተነገረውም ለሌላው ይደርሳል። ለተቋማት የተዘጋጀው ስልት እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ መለያ እንዲገባ ያደርጋል፤ የለቀቀ ሠራተኛ መለያም የሌሎቹን ሥራ ሳያስተጓጉል ይዘጋል። እንግዶች የሚገናኙበት መስመር ከውስጥ ሥራ መስመር የተለየ እንዲሆን የሚያደርግ ችሎታም መሣሪያው ሊኖረው ይገባል። አምራቹ የሶፍትዌር ማሻሻያ እስከ መቼ እንደሚሰጥ በጽሑፍ መጠየቅ ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚታይ ነው።

አስተዳደርና የፈቃድ ክፍያ

በገበያው ላይ ያሉት መሣሪያዎች በአስተዳደር ስልታቸው በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ዓይነት የማስተዳደሪያ ሶፍትዌሩ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ዓመታዊ የፈቃድ ክፍያ የሚጫን ሲሆን፣ የዩቢኪቲው ዩኒፋይና የቲፒ ሊንኩ ኦማዳ በዚህ ይጠቀሳሉ። ሁለተኛው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በሚቀመጥ መቆጣጠሪያ የሚመራና ለትላልቅ ተቋማት የሚስማማ ነው፤ ሲስኮ፣ አሩባ፣ ሩከስና ሁዋዌ ይህን ዓይነት ያቀርባሉ። ሦስተኛው በኢንተርኔት አማካይነት ከአምራቹ ማዕከል የሚተዳደርና በየጊዜው በሚታደስ ፈቃድ የሚሠራ ነው፤ ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 የገዛው መራኪ ለዚህ ምሳሌ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት በየክልሉ ቅርንጫፍ ላለውና በየቦታው ባለሙያ ለመመደብ ላልቻለ መሥሪያ ቤት ሥራን ያቀላል። በሌላ በኩል ፈቃዱ ሳይታደስ ሲቀር የሚከተለው ውጤት በጥንቃቄ መታየት አለበት። መራኪ ለረጅም ጊዜ በሠራበት የፈቃድ አሠራር ጊዜው ካለፈና የ30 ቀን የእፎይታ ጊዜ ከተጠናቀቀ መሣሪያው ሥራውን ያቆማል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም ሲሆን ደግሞ የበጀት መዘግየት የኔትወርክ መቋረጥ ሊያስከትል ይችላል።

ለስሌት ያህል አንዱ አክሰስ ፖይንት 30 ሺህ ብር ቢሆንና ዓመታዊ ክፍያ ባይኖረው፣ ሌላው 20 ሺህ ብር ሆኖ በየዓመቱ 6 ሺህ ብር ቢያስከፍል፣ በአምስት ዓመት የመጀመሪያው 30 ሺህ፣ ሁለተኛው 50 ሺህ ብር ይፈጃል። በመክፈቻው ቀን ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ተጫራች በአምስተኛው ዓመት ውዱ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

የጨረታ ሰነዱና ርክክቡ

በመንግሥት ግዥ አሠራር ቴክኒካዊ ዝርዝር በንግድ ስም ላይ እንዲመሠረት አይደገፍም። ስለዚህ ሰነዱ የሚፈለገውን ውጤት በግልጽ ማስፈር ይኖርበታል፦ በአንድ ጊዜ የሚስተናገዱ ተጠቃሚዎች ብዛት፣ የሚሸፈኑ ክፍሎች ዝርዝር፣ የመሣሪያው ትውልድ፣ የደኅንነት ደረጃ፣ የኃይል ፍላጎት፣ የማሻሻያ ዘመንና የአምስት ዓመት ጠቅላላ ወጪ።

ርክክቡም ዕቃ በመቁጠር ብቻ መጠናቀቅ የለበትም። በሥራ ሰዓት፣ በሮች ተዘግተው፣ ከአክሰስ ፖይንቱ በራቀው ጠረጴዛ ላይ የሞገዱ ጥንካሬ ሊለካ ይገባል። ለድምፅና ለቪዲዮ ግንኙነት ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው መነሻ -67 ዲቢኤም ሲሆን፣ ከዚህ የደከመ ልኬት ከተገኘ ክፍያ ከመጠናቀቁ በፊት አቅራቢው እንዲያስተካክል ለመጠየቅ ያስችላል። የአስተዳደር የይለፍ ቃሎች፣ የገመድ ዝርጋታው ንድፍና የፈቃድ ሰነዶችም በመሥሪያ ቤቱ ስም መረከብ አለባቸው። እነዚህ በአቅራቢው እጅ ከቀሩ መሥሪያ ቤቱ በራሱ ገንዘብ በገዛው ኔትወርክ ላይ ለእያንዳንዱ ለውጥ የሌላውን ፈቃድ ጠባቂ ይሆናል።