ቢሾፍቱ ለውሻዎ ትመቻለች?

ቅዳሜና እሁድን ከአዲስ አበባ ወጣ ብለው ለማሳለፍ አስበዋል። ልጆቹ ልብሳቸውን ሸክፈዋል፤ ውሻውም መኪናው በር ላይ ቆሞ ጭራውን ይቆላል። ይዘውት ይሂዱ ወይስ ለዘበኛው ትተውት?

መድረሻዎ ቢሾፍቱ ከሆነች ርቀቱ አያስቸግርም፤ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሐኪም በኩልም የታደለች ከተማ ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ከነማስተማሪያ ሆስፒታሉ የሚገኘው እዚያው ነው።

በሆራ ወይም በባቦጋያ ሐይቅ አካባቢ ማለዳ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ውሻዎን ማንሸራሸር ይችላሉ። ማሰሪያውን ግን አይልቀቁ። የጋሪ ፈረስ አይቶ ሊሮጥ፣ ከአየር ኃይሉ የሚነሳ አውሮፕላን ድምፅም ሊያስደነግጠው ይችላል። በኢሬቻ ሰሞን ሆራ አርሰዲ በሕዝብ ስለምትሞላ ቤት ቢተዉት ይሻላል። ሆቴል ከመያዝዎ በፊት ደግሞ ውሻ ያስገቡ እንደሆነ በስልክ ይጠይቁ፤ አለዚያ መኪና ውስጥ ዘግተውበት ሊሄዱ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተዘጋበት ውሻ በሙቀት ሊሞት ይችላል።

ሰዎች ውሻዎን አይተው ቢሸሹ አይቀየሙ፤ ምክንያት አላቸው። በዓለም ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ከሚይዛቸው ሰዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት በሽታው የሚተላለፍባቸው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። መከላከያው ግን ቀላል ነው፤ ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚያዝዘው ጊዜ ይደገምለታል። የመጀመሪያው ክትባት እስኪሠራ ሳምንታት ስለሚወስድ በጉዞው ዋዜማ ማስከተብ አይበቃም። የክትባት ካርዱን ከቦርሳዎ አይለዩት።

ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አብዛኞቻችን ውሻችንን ቀን በሰንሰለት አስረን ማታ እንለቀዋለን። ከግቢ ወጥቶ የማያውቅ ውሻ ሰው መሀል ሲገባ ይፈራል፤ ሲፈራም ይነክሳል። ስለዚህ አስቀድመው በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ሰፈርዎ ውስጥ ያለማምዱት።

ቢሾፍቱ ሐይቁም ሐኪሙም አላት። ውሻዎ ካልተከተበ ግን በዚህ ሳምንት ቤት ይቆይ፤ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ፣ ከዚያ ሐይቅ ዳር።