መኪናው ቆሟል፣ ባትሪው ግን እየሠራ ነው

ስልካችሁ 20 በመቶ ሲደርስ አትደነግጡም። ጭራሽ ቢጠፋም ሰክታችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። የመኪና ባትሪ እንደዛ አይደለም። ከግማሽ በታች ወርዶ ለሳምንታት ከቆየ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ጠንካራ ነጭ ነገር ይጋገርባቸዋል፤ ከዛ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ቢደረግም የድሮ ጉልበቱ አይመለስም። ባትሪ በሥራ ብዛት የሚሞት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በመቆም የሚሞተው ግን ቀላል አይደለም።

ስለመቆም ደግሞ የምዕራብ ጎጃም ሹፌር ብዙ ያውቃል። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድ ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምን አልፎ ቡሬ ይገባል፤ ከቡሬ ደግሞ አንዱ ወደ እንጅባራ፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይለያል። የበቆሎ ጭነት፣ የማዳበሪያ ጭነት፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ ሁሉ የሚኖረው በዚህ አስፋልት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ግን መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል፤ የአዋጁ ጊዜ በ2016 ካለቀ በኋላም ቢሆን። መንገዱ ክፍት ሲሆን ነዳጅ ይጠፋል። መኪና ሳምንት ይቆማል፣ ወር ይቆማል። ሲከፈት ሁሉም ሰው ቁልፍ ያዞራል፣ ኮፈኑ ስር ቀጭ ቀጭ ብቻ ይሰማል።

በዛ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተዘግቶ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ልጅ መኪናው እምቢ ሲለው ዩቲዩብ ይከፍታል። ፍኖተ ሰላም ያለው ጎረቤቱን ነበር የሚጠይቀው። ስለዚህ ይሄን ገጽ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ብታስቀምጡት አይከፋም።

የዋጋው ነገርም አለ። ባትሪ በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ሚኒባስ ያለው ሰው ለሦስት ሳምንት ገቢ ሳያገኝ ቆይቶ፣ ሥራ ሊጀምር ባለበት ቀን መጀመሪያ ባትሪ ግዛ ሲባል ብሩን ከየት ያመጣዋል? ወይ ይበደራል፣ ወይ ሌላ ቀን ይቆማል። ኢኮኖሚክስ ስንማር «ያመለጠ ገቢ» የሚባለውን ነገር በግራፍ ነበር የሚያሳዩን፤ በግራፍ ሲያዩት አያምም።

መኪናው ጠፍቶ ባትሪው እንዴት ያልቃል? የባትሪው የራሱ ልፈት ትንሽ ነው፤ ጤነኛ ከሆነ በወር ጥቂት በመቶ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ሙቀት ግን ያፋጥነዋል፣ ለዚህ ነው ከቡሬ ዝቅ ብላ ሞቅ የምትለው ፍኖተ ሰላም ላይ በጠራራ ፀሐይ ማቆም የማይመከረው። ዋናው ሌባ ሌላ ነው፦ ሰዓቱ፣ አላርሙ፣ የቴፑ ማስታወሻ፣ የመኪናው ኮምፒውተር። እነዚህ ቁልፉ ወጥቶም ይጠጣሉ። ጤነኛ መኪና ቆሞ እስከ 50 ሚሊ አምፒር ሊወስድ ይችላል። ትንሽ ትመስላለች፤ በ24 ሰዓት ግን 1.2 አምፒር-ሰዓት ናት። እንደ ቪትዝ ያለ ትንሽ መኪና 45 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ቢኖረው በሁለት ሳምንት 17 ያህሉ ይሄዳል፣ በወር 36። በወሩ መጨረሻ ሞተር የሚያዞር ነገር አልቀረም ማለት ነው። ጂፒኤስ ወይም ከገበያ ተገዝቶ የተገጠመ አላርም ካለ ከዚህም ይፈጥናል።

መድኃኒቱ አንድ 10 ቁጥር ቁልፍ ነው። መኪናው ከሳምንት በላይ እንደሚቆም ካወቃችሁ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ኔጌቲቩን መጀመሪያ የምትፈቱበት ምክንያት አለው፦ ፖዘቲቩን ስትፈቱ ቁልፋችሁ የመኪናውን ብረት ቢነካ እሳት ይተፋል፤ ኔጌቲቩ ቀድሞ ከተፈታ ግን ምንም አይሆንም። ስትመልሱ በተቃራኒው፣ ኔጌቲቩ መጨረሻ። ሰዓቱ ይጠፋል፣ የሬዲዮ ጣቢያዎቹ ይጠፋሉ፣ አንዳንዱ ቴፕ ኮድ ስለሚጠይቅ ቀድማችሁ እወቁት። ከዚህ ሌላ ወጪ የለውም።

«እኔ በየሦስት ቀኑ አስነስቼ አሙቄ አጠፋዋለሁ» የሚል ሰው ታገኛላችሁ። አይጎዳም፣ ግን የሚያስበውን ያህል አይጠቅምም። ሞተሩ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር ሲዞር ዲናሞው ለባትሪው የሚተርፈው ኃይል ትንሽ ነው። አሥር ደቂቃ ማሞቅ ከአንድ ቀን ልፈት ብዙም የሚበልጥ አይመልስም፤ መብራቱና ቴፑ ከተከፈተማ ጭራሽ። ነዳጅ በወረፋ በሚገኝበት አገር ደግሞ ይሄ ውድ ቻርጀር ነው።

ከዚህ የሚሻለው ሶላር ነው። ገጠር ውስጥ ለመብራትና ለስልክ የምናውቀው ትንሽ ሶላር፣ 10 ዋት እንኳ ቢሆን፣ በበጋ ፀሐይ በቀን 3 አምፒር-ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ ከላይ ካየነው ልፈት ከእጥፍ በላይ ነው። በክረምት ሰማዩ ሲጨልም ግማሹን ቢሰጥም ባትሪውን ያቆየዋል። በመካከል የቻርጅ መቆጣጠሪያ መግባት አለበት፣ ያለሱ ወይ ከልክ በላይ ይሞላል ወይ ማታ ወደ ኋላ ያፈሳል። ሶላሩን ከመስታወት ጀርባ ሳይሆን ውጭ አድርጉት።

አሁን ሞተ እንበል። መጀመሪያ በእርግጥ ባትሪው መሆኑን እዩ። የፊት መብራት አብሩና ቁልፍ አዙሩ። መብራቱ ድክም ካለ ባትሪው ነው። መብራቱ ፏ ብሎ ሞተሩ ካልዞረ ግን ሞተሪኖው ወይም የላላ ገመድ ሊሆን ይችላል። የባትሪው ራስ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ከተጋገረ ፈትታችሁ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ አጥብቁት። «ሞቷል» የተባለ ባትሪ በዚህ ብቻ የተነሳበት ጊዜ አለ።

ከሌላ መኪና መውሰድ ካስፈለገ ሁለቱም 12 ቮልት መሆናቸውን አረጋግጡ። ቡሬ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ አጠገባችሁ የቆመው መኪና አይሱዙ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ብዙዎቹ የጭነት መኪኖች ሁለት ባትሪ በተከታታይ አስረው በ24 ቮልት ነው የሚሠሩት። የሱን 24 ወደ ቪትዝ ብታስገቡት ኮምፒውተሩን ትጠብሱታላችሁ። ከሁለቱ አንዱን ባትሪ ብቻ ለይቶ የሚወስድ ኤሌክትሪሺያን አለ፤ ለሱ ተዉለት።

ሁለቱ መኪኖች አይነካኩ፣ ሁለቱም ጠፍተው ይቁሙ። ቀዩን ገመድ መጀመሪያ በሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ከዛ በጤነኛው ፖዘቲቭ። ጥቁሩን በጤነኛው ኔጌቲቭ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ግን በሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራቅ ባለ፣ ቀለም በሌለው የሞተሩ ብረት ላይ። ብዙ ሰው ይቺን የመጨረሻዋን ይዘላል። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፣ የመጨረሻው ገመድ ሲነካ ደግሞ ብልጭ ይላል፤ ብልጭታው ከጋዙ ጋር ከተገናኘ ባትሪው አሲዱን ፊታችሁ ላይ ሊበትን ይችላል። ሲጋራ የያዘ ጓደኛ ካለ በትህትና አርቁት። ጤነኛውን መኪና አስነሱ፣ አምስት አሥር ደቂቃ ይሥራ፣ ከዛ የሞተውን ሞክሩ። ሲነሳ ገመዱን በገባበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል አውጡ።

ገመድ ከሌለ በግፊ። ይሄ የሚሠራው ማርሹ በእጅ ለሚቀየር መኪና ብቻ ነው፤ አውቶማቲክ ከሆነ የሰፈር ልጆችን አታድክሙ። ቁልፉ ይከፈት፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ሁለተኛ ማርሽ ይግባ፣ ሲፈጥን ፍሪሲዮኑን ልቀቁ። ቁልቁለት ካለ ይመረጣል፤ ግን ሞተሩ እስኪነሳ ፍሬኑም መሪውም እንደሚከብድ አትርሱ።

ተነሳ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ዲናሞ የተሠራው የሞላ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንዲቆይ እንጂ ባዶውን እንዲሞላ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ መድረስ ለማግስቱ መነሻ ሊበቃ ይችላል፣ ለመሙላት አይበቃም። መብራት ባለበት ሌሊት ቻርጅ ቤት ስጡትና በዝግታ እንዲሞላ ጠይቁ፦ ለ45ቱ ባትሪ 4 ወይም 5 አምፒር፣ ከአሥር ሰዓት በላይ። በአንድ ሰዓት ሞልቼ እሰጣለሁ የሚላችሁ ሰው ባትሪውን እየቀቀለው ነው። ከዛ አንድ ሌሊት አሳድራችሁ በቴስተር ለኩት። 12.6 ቮልት ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ፣ 12 ከሆነ ወዳጄ ባዶ እየሆነ ነው። ሙሉ ሌሊት ተሞልቶ 10.5 አካባቢ ከቀረ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል፤ ለሱ ከዚህ በላይ ብር አታውጡ።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ውሃው ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው። የቧንቧም፣ የምንጭም አይሆንም። «አሲድ ጨምርበት» የሚለውን ምክርም አትስሙ፣ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም።

አንድ የሚገርመኝ ነገር፣ ኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎች ከዚህ ሁሉ ነፃ የወጡ ይመስላቸዋል። እሱም ውስጥ ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አለች። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ ከሞተች መኪናው አይነሳም፣ በሩም ሊያስቸግር ይችላል።

ከመኪና የወጣ ባትሪ ደግሞ ገጠር ይገባል፤ ከሶላር ጋር ታስሮ አምፖል ያበራል፣ የጎረቤት ስልክ ይሞላል። ጎበዝ አጠቃቀም ነው፣ ግን የመኪና ባትሪ ለአፍታ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ እንጂ ማታ ማታ እስኪያልቅ እንዲመጠጥ ስላልተሠራ ዕድሜው አጭር ነው። ግማሽ ላይ ስትደርሱ አጥፉት። ከልጆች መኝታ አርቃችሁ አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት፤ ሲያበቃለት ደግሞ እርሳሱን ለማውጣት ጓሮ ውስጥ መፈልፈል አይሆንም፣ የልጆች ደም ውስጥ የሚገባ መርዝ ነው። ሙሉውን ለሚገዛ ሰው ሽጡት።