የቤት መያዣ ገንዘብ ሲቆረጥባችሁ

ዛሬ የምንነጋገረው የተከራዩትን ቤት ስለ መልቀቅ ነው። ዕቃው ተጭኗል። ቤቱ ተጠርጓል። ቁልፍ ሊመለስ ነው። አከራዩ ግን «ከመያዣው ይህን ያህል ቆርጫለሁ» ይላሉ። ምን ይደረጋል? ዝም ይባላል? ወይስ ጠብ ይነሣል? ሁለቱም አይበጅም።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። ቅድሚያ ክፍያ ማለት አስቀድሞ የሚከፈል የቤት ኪራይ ነው። ስትኖሩበት ያልቃል። መያዣ ግን ሌላ ነው። ቤቱ ቢበላሽ ወይም ያልተከፈለ ሂሳብ ቢኖር ማካካሻ እንዲሆን አከራዩ ዘንድ ይቀመጣል። ጉዳት ከሌለ፣ ዕዳም ከሌለ ይመለሳል። ገንዘቡ የእናንተ ነው። ስለዚህ በውሉ ላይ ሁለቱ ለየብቻ ይጻፉ።

እኔ ራሴ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ማስተማር እንደ ጀመርሁ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። 4,000 ብር መያዣ ሰጠሁ። የገባሁ ዕለት ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀድጄ የቤቱን ሁኔታ ጻፍሁ። «የበሩ ቁልፍ የተበላሸ ነው። መስኮቱ ደኅና ነው» አልሁ። እኔም አከራይዋም ፈረምን። አንድ ጎረቤት ምስክር ሆኑ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርሁ። ለአዲሱ ቤት የምከፍለው ያው የመያዣው ገንዘብ ነበር። አከራይዋ ግን 550 ብር ብቻ ሰጡኝ።

«እትዬ፣ የቀረውስ?» አልኋቸው።

«ለማሳደሻ ነው ልጄ» አሉኝ።

«እሺ እትዬ፤ ለምን ለምን እንደ ተቆረጠ በወረቀት ይጻፉልኝ» ብዬ ለመንኋቸው። ጻፉልኝ። እንዲህ ይላል፦

ለግድግዳ ቀለም 1,800 ብር
ለበር ቁልፍ 700 ብር
ለመስኮት መስታወት 600 ብር
ለመብራት 350 ብር
ጠቅላላ 3,450 ብር

ይኸውላችሁ፤ «ማሳደሻ» ሲባል ምን ብለህ ትከራከራለህ? ተዘርዝሮ ሲጻፍ ግን እያንዳንዱን መመርመር ይቻላል። እኔም የድሮውን ወረቀት አውጥቼ አስተያየሁ።

መስታወቱን የሰበርሁት እኔ ነኝ። 600 ብሩ ይገባቸዋል። ቁልፉ ግን ከመግባቴ በፊት የተበላሸ ነው፤ ፊርማቸው አለበት። ቀለሙም በሦስት ዓመት ደበዘዘ እንጂ እኔ አላበላሸሁትም። ሰው ሲኖርበት ቤት ያረጃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ተከራይ ቤቱን በአግባቡ ሲገለገልበት ለሚመጣው እርጅና ተጠያቂ እንዳልሆነ ይቀበላል። የመብራቱስ? በገባሁበት ቀን የቆጣሪውን ቁጥር አልጻፍሁም ነበር። ስለዚህ በ350 ብሩ መከራከር አልቻልሁም። ስንፍናው የእኔ ነው።

እንግዲህ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። 600 እና 350 ሲደመር 950 ይሆናል። ከ4,000 ላይ 950 ሲቀነስ 3,050 ነው። 550 ተቀብያለሁ። የሚቀረኝ 2,500 ብር ነው። ይህን ጽፌ፣ ያን ምስክር ጎረቤት ይዤ ሄድሁ። አከራይዋ ወረቀቱን አዩ፤ ፊርማቸውን አወቁ። ገንዘቡን በሁለት ጊዜ መለሱልኝ። እስከ ዛሬ ሰላም እንባባላለን።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

አንደኛ፦ በገባችሁ ቀን በሩን፣ መስኮቱን፣ ግድግዳውን፣ የውሃውንና የመብራቱን ቆጣሪ ቁጥር ጻፉ። ሁለት ቅጂ ይሁን። ሁለታችሁም ፈርሙ።

ሁለተኛ፦ ክፍያው በባንክ ይሁን፤ ደረሰኙን አትጣሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል።

ሦስተኛ፦ ስትለቁ ቤቱን ከአከራዩ ጋር ዞራችሁ እዩ። ቁልፍ ያስረከባችሁበትን ቀን ጻፉና አስፈርሙ። «ገንዘቤ ካልተመለሰ ቁልፍ አልሰጥም» አትበሉ፤ ኪራይ ሊቆጠርባችሁ ይችላል።

አራተኛ፦ ገንዘብ ከተቆረጠ ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቁ። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ጥያቄ አንሡ። ስገባ እንዲህ ነበረ ወይ? ያበላሸሁት እኔ ነኝ ወይ? ለዋጋው ደረሰኝ አለ ወይ? የሚገባውን እመኑ፤ የማይገባውን ለይታችሁ ጻፉ። የጻፋችሁትን ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ።

አምስተኛ፦ እምቢ ከተባለ ሽማግሌ ይግባ። ካልሆነም ወረቀታችሁን ሁሉ ይዛችሁ ውሉ ወደ ተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ትናንት ሌላ ሰው አንብቦላችሁ በጣታችሁ ትፈርሙ ይሆናል። ዛሬ ግን ፊደል ቆጥራችኋል። የምትፈርሙበትን አንብቡ፤ የሚቆረጥባችሁን ደምሩ።

የዛሬው የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ደብተራችሁን አውጡ። አሁን ያላችሁበትን ክፍል ተመልከቱና ስለ በሩ፣ ስለ መስኮቱና ስለ ቆጣሪው ሦስት መስመር ጻፉ። ከታች ቀኑን አትርሱ።

ደኅና ሁኑ።